ሲኒው ሲመለስ የሚነሳው ጥያቄ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከድሬዳዋና ከሐረር የደረሱን ደብዳቤዎች አንድ ጉዳይ ላይ ተገጣጥመዋል፤ በተለምዶ «ሞርሞን» የሚባለው እምነት ላይ። ከጸሐፊዎቹ ገሚሶቹ አባላት ናቸው፤ ሰው ሲጠይቃቸው ምን ብለው እንደሚመልሱ ቸግሯቸዋል። ሌሎቹ ተጋብዘው ወይም ወሬ ሰምተው ለማወቅ የፈለጉ ናቸው። አምዱ ማንንም ወደየትም አይጠራም፤ የተጠየቀውን ይመልሳል።

ጥያቄ፦ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ቡና እንደማልጠጣ አይታ «ጾም ነው ወይስ ጨጓራ?» አለችኝ። ሞርሞን ነኝ ስላት «እሱ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች። ከየት ልጀምር? (ሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ የተጠየቁት ስለ ሲኒው ነው፤ ስለ ሲኒው ይመልሱ። ለማወቅ የጓጓን ሰው ከሚያሸሹ ስህተቶች ዋናው ከአዳም መጀመር ነው። ስለ ቡና የጠየቀች ሴት ስለ ኒውዮርክ ጫካ፣ ስለ ወርቅ ሰሌዳ፣ ስለ ሶልት ሌክ ጉዞ ሲዘረገፍባት ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ስልኳን ታነሳለች። ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ «የጥበብ ቃል የምንለው ሕግ አለን፤ አልኮል፣ ትምባሆ፣ ቡናና ሻይ አንወስድም። ለጤና ብቻ ሳይሆን ለእግዚአብሔር የገባነው ቃል ስለሆነ ነው።» ከዚያ ዝም ይበሉ። ዝም ማለቱ ይከብዳል፤ ግን ቀጣዩን ጥያቄ ማምጣት ያለባት እሷ ናት።

ቀጣዩ ጥያቄ ብዙ ጊዜ «ኮካ ትጠጪ የለም እንዴ?» ነው። የእምነቱ መሥራች ጆሴፍ ስሚዝ በየካቲት 1833 (እ.ኤ.አ.) ኦሃዮ ውስጥ ከርትላንድ በምትባል ከተማ ተቀበልኩት ያለው ራዕይ የሚለው «ትኩስ መጠጦች» ነው፤ የዚያን ጊዜ መሪዎች ቡናና ሻይ ማለት ነው ብለው ፈቱት። ስለዚህ የተከለከለው መጠጡ ነው እንጂ ካፌይን አይደለም። በበረዶ የቀዘቀዘ ቡናም ያው ቡና ነው፤ ኮካ ግን አልተከለከለም። «ካፌይን ስላለው ነው» ብለው ከጀመሩ በአንድ ጠርሙስ ኮካ ይረታሉ።

ስሙን በተመለከተ፣ ሙሉው «የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተክርስቲያን» ነው። «ሞርሞን» አባላቱ ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር ከሚያነቡት ቅዱስ መጽሐፍ፣ ከመጽሐፈ ሞርሞን፣ የመጣ ቅጽል ስም ነው፤ በ2018 (እ.ኤ.አ.) የወቅቱ የቤተክርስቲያኑ ፕሬዘዳንት ራስል ኔልሰን አባላት በሙሉው ስም እንዲጠሩ አሳስበዋል። ሙሉውን አንዴ ይበሉት። ባልደረባዎ ከዚያም በኋላ «ሞርሞን» ብትል በየቃሉ አያርሟት።

ከመልሱ ይልቅ ግን የቡናው ሥርዓት ነው የሚያስቸግረው። በኛ ዘንድ «ቡና አልጠጣም» ማለት «ከእናንተ ጋር አልቀመጥም» ሊመስል ይችላል። ዘዴው ሰዓቱን ማወቅ ነው። ቡናው ገና ሲታጠብ ወይም ምጣዱ ላይ ሲንጣጣ ይናገሩ፦ «እኔ አልጠጣም፤ ግን እስከ በረካ አለሁ።» ተቀድቶ እጅዎ ላይ የደረሰን ሲኒ መመለስ ያፈላችውን ሴት በሰው ፊት ያሳፍራል፤ ሲኒውም እየዞረ ባለቤት ይፈለግለታል፣ ይቀዘቅዛል። እጣኑን መታጠን፣ ፈንዲሻ መዝገን፣ የተቆላው ሲዞር ጭሱን ወደ ራስ መሳብ የሚከለክል ሕግ የለም። ሐረር ላይ ከቡና ቅጠል ወይም ከገለባው የሚፈላ ነገር የሚቀርብባቸው ቤቶች አሉ፤ እዚያም ጀበናው እሳት ላይ ሳይወጣ መናገር ነው።

ራስዎ ጋባዥ ሲሆኑ ደግሞ እንግዳ ፊት ባዶ ውኃ አያስቀምጡ። አንድ ሊትር ውኃ ውስጥ አንድ እንጨት ቀረፋ፣ አምስት ስድስት ፍሬ ቅርንፉድ፣ አራት ፍሬ የተሰነጠቀ ሄል ይጨምሩና አሥር ደቂቃ ያህል ያንተክትኩት፤ የሻይ ቅጠል አይግባበት። ቅርንፉዱ ከበዛ ምላስ ያደነዝዛል፤ ብዙ ከፈላም ይመራል። ስኳሩ ካወረዱት በኋላ ነው። ከርከዴም ያስኬዳል፤ በድሬ ሙቀት ቀዝቅዞ ቢቀርብ ይመረጣል።

ጥያቄ፦ ጀጎል ውስጥ ነው የምኖረው። ከሰዓት በኋላ ጎረቤቶቼ በርጫ ይጠሩኛል፤ ወሬው ዞሮ ዞሮ ሃይማኖት ላይ ይወድቃል። ጫት ተከልክሏል? እዚያስ ስለ እምነቴ ላውራ? (ሐረር)

መልስ፦ በ1833ቱ ጽሑፍ ውስጥ ጫት በስሙ የለም፤ ኦሃዮ ላይ ጫት ማን ያውቅ ነበር? ይሁን እንጂ ቤተክርስቲያኑ ጎጂና ሱስ ከሚያስይዝ ነገር ሁሉ መራቅን ያስተምራል፤ ሲኒ እየመለሰ ጫት የሚቅም አባል መልስ ያጥረዋል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ሌላ ቦታ ነው። ቤተሰቡ አወዳይ ገበያ ላይ ለሚያድር ሰው ጫት ቅጠል ብቻ አይደለም፤ የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ነው። ወሬውን «ጫት ኃጢአት ነው» ብሎ የከፈተ ሰው ስለ እምነት ሳይሆን ስለ እንጀራ ሲከራከር ይመሻል።

ውኃዎን ይዘው መቀመጥ ይችላሉ። ስለ እምነትዎ ግን በምርቃና ሰዓት ባያወሩ ይሻላል። በምርቃና ሰው ሁሉ ፈላስፋ ነው፤ ሁሉንም ይቀበላል፣ «እሁድ አብሬህ እሄዳለሁ» ይላል። ቃሉ ከሌሊቱ አያልፍም፤ ጠዋት ሲያስታውሱት ደግሞ አፍሮ መንገድ ይቀይራል። «ነገ ጠዋት እናውራበት» ብለው ጥያቄውን ያሳድሩት። ነገም ካነሳው የምር ጠይቋል ማለት ነው።

ጎረቤትዎ ሙስሊም ከሆኑ፣ ሲጠይቁ ይመልሱ፤ ሳይጠይቁ መጽሐፍ አያስጨብጡ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 እምነትን የመያዝና የመግለጽ ነፃነትን ይሰጣል፣ ማስገደድን ይከለክላል፤ በአንድ ግንብ በሚጋሩ ቤቶች መካከል ግን ከአንቀጹ ይልቅ የሚሠራው ይሉኝታ ነው። ደግሞም ጆሴፍ ስሚዝን «ነቢይ» ሲሉ፣ ለእሳቸው ከነቢዩ መሐመድ በኋላ ሌላ ነቢይ መጣ ማለትዎ ነው። አይደብቁት፤ ግን የቃሉን ክብደት አውቀው ይናገሩት።

ጥያቄ፦ እሁድ ስብሰባቸው ላይ ተጋብዣለሁ። ኦርቶዶክስ ነኝ። ምን ይጠብቀኛል? ገንዘብስ ይጠይቃሉ? (ከዚራ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ መጀመሪያ ሰዓቱን ያጣሩ። ጋባዥዎ የውጭ ዜጋ ከሆነና «10:00» ብሎ ከጻፈልዎ በኛ ጠዋት አራት ሰዓት ነው። በአሥር ሰዓት የሄደ እንግዳ የሚያገኘው የተቆለፈ በር ነው። ጉባኤዎች የሚሰበሰቡበትን ቦታና ሰዓት የቤተክርስቲያኑ ድረ ገጽ ላይ መፈለግ ይቻላል፤ ቢሆንም ቅዳሜ ማታ ደውሎ ማረጋገጥ አይከፋም።

ሁሉም ነገር ሁለት ሰዓት ይፈጃል። እስከ 2018 መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ሦስት ነበር። የመጀመሪያው 60 ደቂቃ የጋራ ስብሰባ ነው፤ ከአሥር ደቂቃ ዕረፍት በኋላ 50 ደቂቃ በየክፍሉ ትምህርት ይሰጣል። በጋራው ስብሰባ መዝሙር፣ ጸሎት፣ ዳቦና ውኃ አለ፤ ከዚያ ንግግር የሚያደርጉት አባላቱ ራሳቸው ናቸው። ደመወዝ የሚከፈለው የአጥቢያ ሰባኪ የለም፤ የጉባኤው መሪ በሳምንቱ ቀናት ሌላ ሥራ ያለው ሰው ነው። ጫማ አይወለቅም፣ ወንድና ሴት ለየብቻ አይቀመጥም፣ ነጠላ ግዴታ አይደለም። ከበሮ፣ ጸናጽልና እልልታ ለለመደ ጆሮ መዝሙሩ ቅዝቅዝ ይልበታል፤ ሰዎቹ ተኳርፈው እንዳይመስልዎ።

ኦርቶዶክስ እንግዳን የሚያስደነግጠው «ቅዱስ ቁርባን» የሚለው ቃል ነው። ሳይዘጋጁ፣ ንስሐ ሳይገቡ ወደ ቁርባን የቀረቡ ይመስልዎታል። እነሱ ዘንድ ተራ ዳቦ ተቆራርሶ በትሪ ይዞራል፣ ከዚያ ውኃ በትንንሽ ኩባያ ይከተላል፤ ወይን የለም። የክርስቶስ መታሰቢያና የጥምቀት ቃል ኪዳን ማደሻ ነው ይሉታል እንጂ ዳቦው ወደ ሥጋው ይለወጣል ብለው አያስተምሩም። እንግዳ የመውሰድ ግዴታ የለበትም፤ ትሪውን ተቀብለው ለጎንዎ ያቀብሉ፣ በቃ። ጋባዥ የሆናችሁ ደግሞ ይህችን ነገር በር ላይ ሳይሆን ከቤት ሳትወጡ ንገሩ። ጸሎቱ ቃል በቃል የተጻፈ ነው፤ የሚያነበው ወጣት ቃል ከሳተ እንዲደግመው ይደረጋል። ሁለቴ ሲነበብ ቢሰሙ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ገንዘብ መሰብሰቢያ አይዞርም። አባላት ከገቢያቸው 10 በመቶ አስራት ይከፍላሉ፤ ለብቻቸው ነው የሚያስረክቡት፣ ከእንግዳ አይጠበቅም።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ የወሩ የመጀመሪያ እሁድ የጾም እሁድ ነው፣ ወሩም የፈረንጅ ወር ነው። የኛን ወር መባቻ ቆጥሮ የሄደ ሰው አንድ ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ይሳሳታል። ጾማቸው ከኛ የተለየ ነው፤ ከሥጋና ከወተት መታቀብ ሳይሆን 24 ሰዓት ያህል፣ ሁለት ማዕድ ዘሎ፣ ውኃም ሳይቀመስ ነው። ነፍሰ ጡርና ሕመምተኛ አይገደድም። ያልተበላው ምግብ ዋጋ ለችግረኛ ይሰጣል። በዚያ ቀን የተዘጋጀ ንግግር የለም፤ የፈለገ ወጥቶ ምስክርነት ይሰጣል፣ አንዳንዱ ያለቅሳል፣ አንዳንዱ ይረዝማል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሁለተኛው እሁድ ይቀላል ባይ ነን።

ስለ ጾሙ ከተነሳ፣ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ፣ ጥር 19 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ አሜሪካና ካናዳ ያሉ አባላት በኢትዮጵያ ረሃብ ምክንያት ልዩ ጾም ጾመው ወደ ስድስት ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለእርዳታ አዋጥተዋል። አባላት ይህን ሲናገሩ እንደ ታሪክ ይናገሩት፤ ውለታ አስቆጣሪ መምሰል ግን አያምርም።

ጥያቄ፦ እህቴ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነስታለች። አሁን «እጠመቃለሁ» ትላለች። እኛ ክርስቲያን አልነበርንም ማለት ነው? (ሐረር)

መልስ፦ ይህ ጥያቄ በጥሩ ቃላት ተሸፋፍኖ አያልፍም። የዚያ ቤተክርስቲያን ትምህርት ከሐዋርያት ሞት በኋላ የክህነት ሥልጣን ከምድር ተነስቶ በጆሴፍ ስሚዝ በኩል ዳግም ተመለሰ የሚል ነው፤ ቤተክርስቲያኑም ኒውዮርክ ውስጥ ሚያዝያ 6 ቀን 1830 (እ.ኤ.አ.) ተቋቋመ። የቀረውን ክርስትና ስላልተቀበሉ ሳይሆን ሥልጣኑ የለም ስለሚሉ ነው ዳግም የሚያጠምቁት። ሕፃናትንም አያጠምቁም፤ ከስምንት ዓመት በታች ያለ ልጅ ተጠያቂነት የለውም ብለው ያምናሉ። «አንዲት ጥምቀት» እያለች ላደገች እናት ይህ እንደሚያቆስል መካድ አይቻልም።

ሌላው ልዩነት ከዚህ ይጠልቃል። በኦርቶዶክስ ምስጢረ ሥላሴ አብ፣ ወልድ፣ መንፈስ ቅዱስ ሦስት አካል፣ አንድ አምላክ ናቸው። በእነሱ ትምህርት ሦስት የተለያዩ ሕልውናዎች ሆነው በዓላማ አንድ ናቸው፤ አብም የሥጋና የአጥንት አካል አለው። አንዳንድ አባላት ሰው እንዳይሸሽ ብለው «ያው ነው፣ ልዩነታችን ትንሽ ናት» ይላሉ። ጠያቂው በስድስተኛው ወር ራሱ ሲደርስበት ተታለልኩ ይላል፤ ቤተሰቡም እንዲሁ። ልዩነቱ በመጀመሪያው ሳምንት ይነገር።

ከጥምቀት በፊት ያለው መንገድ የታወቀ ነው። ሚስዮናውያኑ ትምህርቱን በክፍል በክፍል ያስተምራሉ፤ ስለ ዳግም መመለስ፣ ስለ ደኅንነት ዕቅድ፣ ስለ ክርስቶስ ወንጌል፣ ከዚያም ስለ ትእዛዛቱ። ተጠማቂዋ በእሁድ ስብሰባ መገኘት፣ የጥበብ ቃልን መጠበቅ መጀመር፣ ያላገባች ከሆነች ከወንድ ጋር ባልና ሚስት ሆና አለመኖር፣ አስራት ለመክፈል ፈቃደኛ መሆን አለባት። በመጨረሻ ያላስተማራት ሰው ለብቻዋ ቃለ መጠይቅ ያደርግላታል። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ያለ ወላጅ ፈቃድ፣ ባለትዳርም የትዳር ጓደኛው ካልፈቀደ አይጠመቅም። ጥምቀቱ ነጭ ለብሶ መላ አካልን ውኃ ውስጥ በማጥለቅ ነው፤ ሁለት ምስክሮች ዳር ቆመው ያያሉ፤ የፀጉር ጫፍ ወይም የእግር ጣት ከውኃ በላይ ከቀረ ይደገማል።

አንዳንዴ ይህ ሁሉ በጥቂት ሳምንት ያልቃል። ፍጥነቱን አንወደውም። ወላጆች ከጥምቀቱ በኋላ ከጎረቤት አፍ ከሚሰሙ፣ እህትዎ ቀኑ ሳይቆረጥ ራሷ ብትነግራቸው ይሻላል፤ እርስዎም አብረዋት ቢቀመጡ።

ጥያቄ፦ «ብዙ ሚስት ያገባሉ»፣ «ጥቁር ይንቁ ነበር» ይባላል። ሲጠይቁኝ ምን ልበል? (መጋላ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ብዙ ሚስት ማግባት ነበረ፤ በ1890 (እ.ኤ.አ.) በአዋጅ መቆም ጀመረ። ዛሬ ይህን የሚያደርግ አባል ከቤተክርስቲያኑ ይባረራል። ሌላውም እውነት ነው፤ ከ1852 እስከ ሰኔ 1978 (እ.ኤ.አ.) ድረስ የአፍሪካ ዘር ያላቸው ወንዶች ክህነት አይሰጣቸውም ነበር። ክልከላው በ1978 ተነሳ፤ ቤተክርስቲያኑም ክልከላውን ለማስረዳት ይነገሩ የነበሩ ሐሳቦችን ዛሬ አይቀበላቸውም። በተጠየቁ ጊዜ ዓመቶቹን ይንገሩ። «ውሸት ነው» ያለ አባል፣ ጠያቂው ስልኩን አውጥቶ እስኪያይ ድረስ ብቻ ነው የሚታመነው።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ መጽሐፉን ስጠኝ አለኝ። ከየት ጀምሮ ያንብብ? (ሐረር)

መልስ፦ መጽሐፈ ሞርሞን በአማርኛ ተተርጉሟል፤ በስልክም ይነበባል። አሥራ አምስት መጻሕፍት ያሉት ነው፤ ከክርስቶስ ልደት 600 ዓመት ገደማ በፊት ከኢየሩሳሌም ወጥቶ አሜሪካ ስለደረሰ ቤተሰብና ስለ ዘሩ ይተርካል። አባላት ከጥንታዊ ሰሌዳዎች የተተረጎመ ነው ብለው ያምናሉ። ከገጽ አንድ የጀመረ ሰው ብዙውን ጊዜ 2 ኔፊ ላይ ይቆማል፤ ከምዕራፍ 12 እስከ 24 የኢሳይያስ ትንቢት ነው፣ ይከብዳል። ስለዚህ 3 ኔፊ 11ን ያንብብ፤ ክርስቶስ ከትንሣኤው በኋላ ለሕዝቡ የታየበት ምዕራፍ ነው። ከዚያ ሞሮኒ 10፥3–5፤ አንባቢው እውነት መሆኑን እግዚአብሔርን እንዲጠይቅ የሚጋብዘው ቦታ እሱ ነው። ሁለቱን ቦታዎች በወረቀት ምልክት ያድርጉለት። ቀይ እስክሪብቶ ይዘው አያስምሩበት፤ የሰው መጽሐፍ የፈተና ወረቀት ይመስላል።

ጥያቄ፦ ሚስዮናውያኑን ቤት ልጥራቸው? እናቴ አብራኝ ናት። (ገንደ ቆሬ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ይጥሯቸው፤ መጀመሪያ ግን እናትዎን ያስፈቅዱ። በአማርኛ «ሽማግሌ» የሚባሉት ሃያ ዓመት እንኳ ያልሞላቸው ሊሆኑ ይችላሉ። «ቅዳሜ ሁለት ሽማግሌዎች ይመጣሉ» ካሏቸው እማማ ለጋብቻ ነው ብለው ዶሮ ይገዛሉ። «ሁለት ወጣት ሚስዮናውያን» ይበሉ። ሁሌ ጥንድ ሆነው ነው የሚሄዱት፤ ወንዶቹ 24 ወር፣ ሴቶቹ 18 ወር ያገለግላሉ፣ ደመወዝ የላቸውም። ወንዶቹ ሴት ብቻዋን ባለችበት ቤት አይገቡም። እናትዎ ገበያ ከወጡና ጠሪዋ ሴት ከሆኑ በር ላይ ቆመው ይመለሳሉ፤ እንደ ንቀት አይዩት። የጓደኛዎን ስልክ ቁጥር ደግሞ እሱ ሳይፈቅድ አይስጧቸው።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ ሁለት ሳምንት አንብቦ መጽሐፉን መለሰልኝ፤ «ለኔ አይደለም» አለ። (ከዚራ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ይቀበሉት። «የቱ ጋ ደረስክ? ለምን?» ብለው አይመርምሩት፣ ሌላ መጽሐፍም አይተኩበት። ቅዳሜ ቤቱ ቡና ሲቆላ እንደ ወትሮው ይሂዱ፤ እንደማይጠጡ አሁን ያውቃል፣ ሲኒ አይቆጥርልዎትም።